ስንት እጅ

ከሌሊቱ ሰባት ተኩል፣ ቡሳን፣ ዮንግዶ ደሴት ላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ባሕር የሚያይ።
እናቴ ማልሱን ሥራ ገብታለች፣ ቦቲዋን ተጫምታ፣
ማኬሬሉን ልትለይ፣ ትልቁን ከትንሹ፣ ከአምፖል ሥር ተደፍታ።
እኔም እዚህ እለያለሁ፣
ያላየሁትን ገበያ እቆጥራለሁ።

ገበያው ደጅ የለው፣ ዳኛ የለው፣ ደላላ የለው፣
ጯኺ የለው፣ ሚዛን የለው፤
መሃል ስለሌለው «ያልተማከለ» አሉት፤
ሳንቲም በሳንቲም ይለወጣል፣ ማንም ማንን ሳያይ፣ ሁሉም ከየቤት።

ደንበኛዬ ከሩቅ አገር አንድ መስመር ላከልኝ፦
«የትናንቱን የግብይት መጠን፣ በየጥንዱ፣ እስከ ጧት አድርሽልኝ።»

የሚጠየቅበት በር ኤፒአይ ይባላል። ቁልፌ ትርጉም የሌለው
ሠላሳ ሁለት ሆሄ ነው፤
ከአባቴ ሙት ዓመት ይልቅ በቃሌ የያዝኩት እሱን ነው።

አንኳኳሁ። የገበያው ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፤
ዝምታ።
ደግሜ አንኳኳሁ፣ ደግሜ።
«ብዙ ጠየቅሽ» አለኝ፣ «ስልሳ ሰከንድ ቆዪ።»
ቆየሁ። ከመስኮቱ ማዶ የጭነት መርከብ መለከት ነፋ፣
የኑድሌ መረቅ ቀዝቅዞ ቅባቱ ከላይ ሰፋ።

ከዚያ መጣ፤ በቅንፍ የታቀፈ፣ ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ፣
እንደ ሽንኩርት የሚላጥ፣ ልጣጩ ብቻ የሚተርፍ፤
ስም፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ቁጥር፤
ጣቴን አሳርፌ ወረድኩ፣ ቆመ ጣቴ ከአንድ ነገር።

አርባ አንድ ሚሊዮን።
በአንድ ቀን። ስሙን ሰምቼ በማላውቀው፣ የሁለት ሳምንት ጨቅላ፣
ከጎረቤቶቹ በላይ የወጣ፣ እንደ ግንብ ላይ ሾላ።
መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቁጥር ሲተልቅ ደስ ይላል፤
ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እንኳ ልብ ሞቅ ይላል።

ዝርዝሩን ጠየቅሁ፣ ልውውጥ በልውውጥ፣ ሰዓት በሰዓት፤
በየአሥራ ሁለት ሰከንዱ አንድ ቦርሳ ለሌላው ሲሰጥ፣ ሌላው ሲመልስለት።
ሲሰጥ፣ ሲመልስለት።
ሲሰጥ፣ ሲመልስለት።
አንድ ሰው ካፖርቱን ለብሶ፣ ባዶ አደባባይ ቆሞ፣
ከቀኝ ኪሱ ለግራ ኪሱ ሲሸጥ፣
ከራሱ ተከራክሮ፣ ከራሱ ተስማምቶ፣ ራሱን አመስግኖ ደግሞ።

ማልሱን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገባች፤
የዓሣ ቅርፊት ከእጇ አንጓ ላይ ያበራል፣
ጓንቷን ከመስኮቱ ሰቀለች፣ የጨው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።
«አልተኛሽም?»
«ገበያ አገኘሁ፣ አርባ አንድ ሚሊዮን የተሸጠበት፣
ሻጩም ገዢውም አንድ የሆኑበት።»
ሳቀች። ሲደክማት ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው።
«እኛ ጋ አንድ ሳጥን አሥር ጊዜ ቢዞር፣
አሥረኛው ገዢ አፍንጫውን ይዞ በሸሸ ነበር።
ዓሣ ይናገራል፣ ዮንዱ። ያንቺ ሳንቲም አይሸትም?»
አይሸትም፣ እማዬ።
ሺህ ጊዜ ዞሮም የዛሬ ጧት ነው።

እሷ ተኛች። መሣሪያው ግን አልዋሸኝም፣ ልመስክርለት፤
ስንት ተሸጠ አልኩት፣ ስንት እንደተሸጠ ነገረኝ፤
ካልጠየቅሁት ምን ዕዳ አለበት?
አንዲት ቃል ለወጥሁ።
«ስንት ገንዘብ» የሚለውን አጥፍቼ «ስንት እጅ» አልኩ።

ስልሳ ሰከንድ። የእናቴ ማንኮራፋት።
ፀሐይ ጓንቶቹ ላይ ወጣች፤ ይንጠባጠባሉ፣ ቀኙ፣ ግራው፣
ከሥራቸው ወለሉ ረጥቧል።

ሁለት፣ አለኝ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ ለደንበኛዬ ላክሁ፣
የቱን እንደሚያነብ አላውቅም፤
ኑድሉን ደፋሁ።